በክፉ ቀን የሚፈተን ምግባር

በዚህ እትም የትምህርት አምዳችን ስለ መልካም ሥነ ምግባር እንማማራለን። «እሱንማ ክፍል ውስጥ ተምረናል» እንዳትሉ። ዛሬ የምናየው በደህናው ቀን ስለሚታየው ሳይሆን በችግር ጊዜ ስለሚፈተነው ምግባር ነው።

መልካም ሥነ ምግባር ማለት ሰውን በንግግርም በድርጊትም ማክበር ነው። ለታላቅ ብድግ ማለት፣ «እርስዎ» ብሎ ማናገር፣ ተራ መጠበቅ፣ ሲያጠፉ ይቅርታ መጠየቅ ሁሉ ከዚህ ውስጥ ይገባሉ። ጠግበን ስናድር ይህን ማድረግ ቀላል ነው። ሲርበን፣ ሲጠማን ወይም ስንፈራ ግን ቶሎ እንቆጣለን፤ «የእኔ ይቅደም» እንላለን። አጠገባችን ያለው ሰውም እንደኛው ተርቦ፣ እንደኛው ፈርቶ መሆኑን እንረሳለን።

የራሴን ልንገራችሁ

አምና በበጋ ሰፈራችን ውኃ ለብዙ ቀን ጠፋ። አንድ ቅዳሜ «ቦቴ መጣ» ሲባል ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዤ ሮጥኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ወረፋው ረጅም ነው። ሁለት ሰው ብቻ ሲቀረኝ አንዲት አሮጊት እናት መጡና ጀሪካናቸውን ከእኔ ፊት አስቀመጡ። እኔም በንዴት በእግሬ ገፋሁትና «አንቺ ሴትዮ! ወረፋ አይታይሽም?» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዝም አለ። እማማ ጎንበስ ብለው ከጀሪካኔ ፊት ያለ ድንጋይ አሳዩኝ። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ወረፋ የያዙበት ድንጋይ ነው! እግራቸውን ስለሚያማቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። አልተሳደቡም። «ልጄ፣ አንተ ቅዳ፣ እኔ እደርሳለሁ» ብቻ አሉኝ። ቀዳሁ። ግን እንደዚያ ቀን የከበደኝ ጀሪካን የለም።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ውኃው ነገ ይመጣል፤ ያንን ቃል ግን በምን ታጥበዋለህ?» አለችኝ። በማግስቱ አብራኝ ሄደችና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ጥማት ነው ያናገረህ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። አሁን ውኃ ሲመጣ ጀሪካናቸውን የማደርስላቸው እኔ ነኝ። ያም ሆኖ በደጃቸው ሳልፍ እስካሁን አፍራለሁ። «ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል» የሚባለው ያኔ ነው የገባኝ።

እስቲ አስቡት፣ እማማም ጠምቷቸው ነበር። ከእኔ የበለጠ የሚቆጡበት ምክንያት ነበራቸው። ግን አልተቆጡም። ስለዚህ «ችግር ነው ባለጌ ያደረገኝ» ማለት ሰበብ ነው።

በኮሮና ጊዜስ?

መምህራኖቻችን እንደሚያስታውሱት መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ወር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። «አትጨባበጡ፣ አትሳሳሙ» ተባለ። ሰላምታ ግን አልቀረም። ሰዎች ራቅ ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይሉ ነበር። በሽታው በአረጋውያን ላይ ስለሚጠና ያኔ ራቅ ማለትም ራሱ አክብሮት ነበር። ከዚህ የምንማረው የአክብሮት መንገዱ እንደ ጊዜው ሊለወጥ እንደሚችል፣ አክብሮቱ ግን መቅረት እንደሌለበት ነው።

እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ?

1. ውኃ ስንቀዳም ሆነ ታክሲ ስንጠብቅ ተራችንን እንጠብቅ። አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃን ያዘሉ እናቶችን እናስቀድም።

2. ጓደኛችን ሐዘን ሲደርስበት «ምን ሆኖ ሞተ?» እያልን አንጨቅጭቀው። «ፈጣሪ ያጽናህ» ብለን አጠገቡ እንቀመጥ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንሳሳቅ። ሲመለስም ያመለጠውን ትምህርት እንዲገለብጥ ደብተራችንን እናውሰው።

3. ምሳ ያልያዘ ልጅ ስናይ በሰው ፊት «ምሳህ የታለ?» አንበለው። «ና አብረን እንብላ» ይበቃል። አብሮ መብላት ያለ ነው፤ እሱም አያፍርም።

4. ስንናደድ ከመናገራችን በፊት እንጠይቅ። እኔ «ይቅርታ እማማ፣ ወረፋ ይዘዋል?» ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፍም ነበር።

5. ካጠፋን ሳናሳድር ይቅርታ እንጠይቅ። ብቻችንን ካፈርን ታላቅ ሰው ይዘን እንሂድ።

ውድ አንባብያን፣ ክፉ ቀን ያልፋል። ውኃውም ይመጣል፣ ሐዘኑም ይበርዳል። በዚያ ቀን የተናገርነውን ግን ሰው አይረሳውም፤ ክፉውንም ደጉንም። እናንተስ በችግር ጊዜ አክብሮ ያናገራችሁን ሰው ታስታውሳላችሁ? ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ቸር ይግጠመን!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል