ሳይከሰሱ የተፈረደባቸው

«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል» እየተባልን ያደግን ነን። ይሁን እንጂ በዚሁ በጎንደር አገር ክስ ሳይጻፍባቸው፣ ዳኛም ሳይሰየምላቸው ለብዙ ዘመን የተፈረደባቸው ወገኖች እንደ ነበሩ ስንቶቻችን አስበናል? ይህች አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ለመመርመር የተዘጋጀች ናት።

ከጎንደር ከተማ በሰሜን በኩል ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ሲባል ወለቃ የምትባል መንደር ትገኛለች። ቀድሞ የቤተ እስራኤል ሰዎች ይኖሩባት ነበር። እንደሚተረከው በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ክርስትና ያልተነሣ ርስት አይኑረው ስለ ተባለ መሬታቸውን አጡ። ከዚያ ወዲህ የሰው መሬት በጭሰኝነት ከማረስ ጋር በቀጥቃጭነት፣ በሸክላ ሥራ፣ በሽመናና በግንበኝነት ይተዳደሩ ነበር። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን፣ የቤት እመቤቷም እንስራዋንና ምጣዷን የምታገኘው ከእነርሱ ነበር። ነገር ግን እጃቸውን የፈለገው ሕዝብ ዓይናቸውን ፈራ፤ ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው፣ ሌሊትም ጅብ ይሆናል ተባለ።

እስቲ ነገሩን እንደ አንድ የወንጀል ክስ አድርገን እንመልከተው። ሰው ሲታመም «ቡዳ በላው» ይባላል፤ ጢስ ይታጠናል፤ «ማን ነው የበላህ?» ተብሎም ይጠየቃል፤ በሽተኛው የለፈለፈው ስም የጥፋተኛ ስም ሆኖ ይያዛል። እንግዲህ አንደኛ፣ ምስክሩ ራሱን የማያውቅ ሕመምተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ተከሳሹ አልተጠራም፤ ቢጠራስ ሌሊት ጅብ አለመሆኑን በምን ያስረዳል? ሦስተኛ፣ ጥርጣሬው የሚወድቀው አድራጎትን ተከትሎ ሳይሆን ዘርንና ሙያን ተከትሎ ነው።

የድሮው የሌባ ሻይ ልማድም ከዚህ አይርቅም። መድኃኒት የጠጣ ልጅ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይለቀቅና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ይህን ስንሰማ እንስቃለን፤ ስለ ቡዳ ግን ዛሬም በሹክሹክታ የምናወራ አለን።

የተጻፈው ሕግ ከልማዱ ቀድሞ ሄዷል። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለዜጋ ሁሉ እኩል የሕግ ጥበቃ ሰጠ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ሲል፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠርና የቀረበበትን ማስረጃ እንዲመለከት ደነገገ።

ከቤተ እስራኤል አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ። እዚያም ጥርጣሬው አልተዋቸውም። በ2007 ዓ.ም. የደንብ ልብስ የለበሰ የኢትዮጵያ ተወላጅ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ በፊልም ስለ ታየ ሰልፍ ወጡ። በ2008 ዓ.ም. የፖሊስ ኮሚሽነሩ ሮኒ አልሼኽ ፖሊስ ኢትዮጵያዊን ከሌላው አብልጦ ቢጠረጥር የተፈጥሮ ነገር ነው የሚል አሳብ በመናገራቸው ብዙ ቁጣ ተነሣ። በ2011 ዓ.ም. በሃይፋ አጠገብ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ ፖሊስ አንድ ወጣት ተኩሶ ስለ ገደለ እንደገና ጎዳናውን ሞሉት። እዚህ በሃይማኖታቸውና በእጅ ሥራቸው፣ እዚያ በቆዳቸው ቀለም ተጠረጠሩ ማለት ነው።

የሩቁን ፖሊስ መውቀስ ለእኛ ቀላል ነው። የገዛ መንደራችንን መውቀስ ግን ይከብዳል። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ የአንድ ቀጥቃጭ ወይም የአንዲት ሸክላ ሠሪ ስም በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ሲነሣ ዝም አንበል። «ምን ሲያደርግ ታየ? ማንስ አየው?» ብለን እንጠይቅ። በሽተኛውንም ወደ ሐኪም ቤት እንውሰድ። ይህን ጥያቄ በቤታችን ለመጠየቅ ካፈርን፣ ነገ ዳኛ ወይም ሹም ሆነን በችሎት እንጠይቀዋለን ማለት ራስን ማታለል ነው።