ጾምን ሳይተዉ ማዕድን መመጠን፤ ክብደት ለመቀነስ ካርቦሃይድሬትን ስለ መቀነስ የቀረበ ትምህርት

ሐኪም «ክብደት ቀንሱ» ያላቸው ምእመናን ለንስሓ አባቶቻቸው የሚያቀርቡት አንድ ጥያቄ አለ። «እንጀራና ዳቦ ተዉ፤ ሥጋ፣ እንቁላልና ዐይብ ብሉ የሚል ምክር ሰምተናል፤ ታዲያ ጾሙን እንዴት እናድርገው?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ምክሩን እንደ ሰማ ጾሙን የሚተው ሰው መንፈሳዊ ሥርዓቱን ያጣል፤ ሐኪሙን ሳያማክር ምግቡን በድንገት የሚቀንስ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ነገሩን ከሥሩ ተረድተው እንዲመክሩ ይህን ትምህርት አዘጋጅተናል።

ካርቦሃይድሬት ምንድን ነው?

ካርቦሃይድሬት የምንለው በእህል፣ በድንች፣ በስኳር፣ በማርና በመሳሰሉት የሚገኘውን ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር ነው። ከ100 ግራም ደረቅ ጤፍ ውስጥ ከ70 ግራም በላይ የሚሆነው ካርቦሃይድሬት ነው። ጤፍ ብረትና አሰር ያለው መልካም እህል ቢሆንም፣ እንጀራው ሲበዛ እንደ ሌላው እህል ሁሉ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥም 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ ይህም ሰባት የሻይ ማንኪያ እንደ ማለት ነው።

ይህን የምግብ ዓይነት በመቀነስ ክብደትን ማውረድ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ነዋሪ በሐኪሙ ምክር ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ትቶ ክብደቱን እንደ ቀነሰ በ1863 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ገልጧል።

ክብደት የሚቀንሰው እንዴት ነው?

ሰውነታችን ከካርቦሃይድሬት ያገኘውን ኃይል በከፊል በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ከውኃ ጋር ያከማቻል። ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ ይህ ክምችት ከነውኃው ይወርዳል። በመጀመሪያው ሳምንት በሚዛን ላይ የሚታየው ፈጣን ለውጥ በአብዛኛው የውኃ እንጂ የስብ አይደለም። ስብ የሚቀንሰው ሰውነት ከሚያወጣው ያነሰ ኃይል ለረጅም ጊዜ ሲያገኝ ብቻ ነው።

በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 609 ጎልማሶችን በሁለት ከፍሎ ለአንድ ዓመት ተከታተለ። ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በአማካይ 6 ኪሎ ግራም፣ ቅባት የቀነሱት ደግሞ 5.3 ኪሎ ግራም ያህል ቀነሱ፤ ልዩነቱም ይህ ነው የሚባል አልነበረም። ከዚህ የምንማረው፣ ጥቅሙ ያለው አንድን የምግብ ዓይነት ጨርሶ በመጥላት ሳይሆን፣ ሰው ሊጸናበት የሚችለውን ልክ በማግኘት መሆኑን ነው።

በጾም ወራት ምን ይደረግ?

ካርቦሃይድሬትን በቀን ከ50 ግራም በታች የሚያወርደው ጥብቅ ሥርዓት በአብዛኛው በጥሉላት ላይ የተመሠረተ ነው። የጾመኛ ፕሮቲን ግን በዋናነት ከጥራጥሬ ይገኛል፤ 200 ግራም የተቀቀለ ምስር ብቻውን 40 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ስለዚህ ለጾመኛ የሚስማማው መካከለኛው መንገድ ነው። የጾም ዓላማ ክብደት መቀነስ አለመሆኑን ሳንዘነጋ፣ በጾም ማዕድ ላይ የሚከተለውን ማድረግ እንችላለን።

አንደኛ፣ ስኳር የበዛበትን ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥንና ጠላን መቀነስ ይገባል፤ ያለ ብዙ መሥዋዕትነት የሚገኘው ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ከምንመገበው ግማሹ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣና ቲማቲም ቢሆን፤ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ ወይም ክክ፤ የቀረው ሩብ እንጀራ ቢሆን መልካም ነው። ድንች፣ ሩዝና ፓስታ ከእንጀራው ወገን ይቆጠራሉ እንጂ ከአትክልቱ አይደሉም።

ሦስተኛ፣ ዘይት መመጠን አለበት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ስላለው፣ እንጀራ ቀንሶ ወጡን በዘይት ማጥለቅለቅ ድካምን ከንቱ ያደርጋል።

አራተኛ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ሰው ማዕዱን በአትክልትና በጥራጥሬ ቢጀምርና ቀስ ብሎ ቢመገብ፣ ረኃቡ እንጀራ ከማብዛቱ በፊት ይበርዳል።

ሊታለፍ የማይገባ ጥንቃቄ

ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ሳይስተካከል ካርቦሃይድሬት ቢቀንስ ወይም ቢጾም የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ምልክቶቹ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መደናገርና ራስን መሳት ናቸው። በቅዳሴ ላይ እንዲህ የሆነ ሰው ቢያጋጥም መዋጥ ከቻለ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ይገባል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡት በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ግዴታ ነው።

ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናት፣ የኩላሊት ሕመምተኞችና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱም ያለ ሐኪም ምክር እንዲህ ያለ አመጋገብ ሊጀምሩ አይገባም። የታመመው ሰው ስለ ጾሙ ከንስሓ አባቱ ጋር፣ ስለ መድኃኒቱ ከሐኪሙ ጋር ይማከር፤ ካህኑም «ሐኪምህ ምን አለህ?» ብሎ መጠየቅን አይርሳ።

በሌላ በኩል፣ ይህ ትምህርት ክብደታቸው ከልክ ላለፈ ወገኖች የቀረበ መሆኑ ይታወቅ። ድርቅና እጥረት ባለባቸው አጥቢያዎች «እንጀራ ቀንሱ» ማለት የተራበን ሰው ጹም እንደ ማለት ነው።

የአጥቢያ ኮሚቴው ድርሻ

ምእመናን በአንድነት የሚመገቡት በሰንበቴ፣ በማኅበርና በዝክር ነው። በማዕዱ ላይ ዳቦና ጠላ ብቻ ከሆነ ሕመምተኛው ወይ ይታመማል፣ ወይ ከወንድሞቹ ተለይቶ ይቀራል። ስለዚህ ኮሚቴዎች በማዕዱ ላይ አንድ የአትክልት ወጥ፣ ምስር ወይም ሽሮ እንዲሁም ንጹሕ ውኃ እንዲጨመር ቢወስኑ፣ ቦታና ውኃ ባለበትም በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጎመንና ቆስጣ ቢያለሙ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል። «ብሉልኝ» እያሉ ግድ ማለት የፍቅር ምልክት መሆኑን ብናውቅም፣ ሕመምተኛ «በቃኝ» ሲል ማክበርም ፍቅር ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰንበቴያችን ማዕድ ላይ የሚቀርበው ምንድን ነው? ከእርሱ ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ ሊመገበው የሚችለው የትኛው ነው?

2. ከአባላቱ መካከል ኢንሱሊን የሚወስዱትን የሚያውቅና የደም ስኳር መውረድን ምልክት የሚለይ ሰው በአጥቢያችን አለን?

3. እስከሚቀጥለው ጾም ድረስ በማዕዳችን ላይ የምንለውጠው አንድ ነገር ምን ይሁን? ኃላፊነቱንስ ማን ይውሰድ?