የበቆሎ ፀጉር ለሽንት ሕመም፦ የሚረዳውና የማይረዳው



ሮቢትና ቆቦ አካባቢ ሽንት ሲሸኑ የሚያቃጥላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ የበቆሎ ፀጉር አፍልቼ ብጠጣስ?» ዛሬ በአጭሩ እንየው።

📌 ምንድን ነው?
እሸት በቆሎ ስንልጥ የምንጥለው ሐር የመሰለ ክር ነው። በብዙ አገር የባህል ሕክምና ሽንት እንዲያሸና፣ ጠጠርንና እብጠትን እንዲያስታግስ ተብሎ ይጠጣል። ፖታሺየምና ፍላቮኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮችም አሉት።

📌 ይሠራል ወይ?
አብዛኛው ጥናት በእንስሳትና በላቦራቶሪ የተሠራ ነው፤ በሰው ላይ ያለው ትንሽ ነው። ስለዚህ «ያድናል» አልላችሁም። ግን ሻዩን የሚጠጣ ሰው ውሃም እየጠጣ ነው! በራያ ቆላ ፀሐይ ማሽላ ሲያርም የዋለ ሰው በላብ ብዙ ውሃ ያጣል፤ ሽንቱ ያንሳል፣ ይጠቁራል፣ ለጠጠርም ይመቻል። ጠጠር ያለበት ሰው በቀን ከ2 ሊትር በላይ ሽንት እስኪሸና ድረስ መጠጣት አለበት። (የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለባችሁ ግን መጠኑን ሐኪማችሁን ጠይቁ።)

📌 የማይሠራው
የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን አያድንም። ሳምንት ሙሉ እሱን ብቻ ሲጠጡ ቆይተው፣ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ሲደርስ በትኩሳትና በጎን ውጋት የሚመጡ አሉ። የሽንት ምርመራ ቀላል ነው፤ ውጤቱም ቶሎ ይደርሳል።

❌ እነዚህ ሰዎች ባይጠጡት ይመረጣል
• እርጉዝ ሴቶች
• የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ (ሐኪም ሳያማክሩ)
• የኩላሊት ድካም ያለባቸው
• በቆሎ አለርጂ የሚሆንባቸው

✅ ሌሎቻችሁ ከጠጣችሁ
• ለተምች ፀረ-ተባይ ከተረጨ ማሳ አትውሰዱ። መድኃኒቱ ፀጉሩ ላይ ያርፋል።
• የሻገተ አትጠቀሙ።
• በደንብ አጥባችሁ፣ ትንሽ ቆንጠር አድርጋችሁ በአንድ ስኒ የፈላ ውሃ ዘፍዝፉት።

🚨 ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ
ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ውጋት፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ማስመለስ ወይም ሽንት እምቢ ማለት ካለ። እርጉዝ ወይም ሕፃን ከሆነ ደግሞ ማቃጠሉ ብቻውን ይበቃል።

እናቶቻችን ያፈሉልንን ሻይ አልናቅነውም። ምርመራውን ግን አይተካም።

ሼር አድርጉት፣ ለሌላው ይድረስ።