ቄስ መቼ ከመቅደስ ይረፉ?

ጥያቄ፦ አባቴ ደብረ ታቦር አካባቢ በገጠር ደብር ቄስ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «ይብቃዎት» ብንላቸው ነውር ይሆን?

መልስ፦ ነውር የለውም፤ አነጋገሩን ግን ያሳምሩት። ክህነት የዕድሜ ልክ ነው፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ2004 ዓ.ም. ያረፉት በመንበራቸው ሳሉ ነው። ማረፍ ያለበት ሰሞነኝነቱ፣ ማለትም በተራ መቀደሱ ነው። ለቅዳሴ 18 ሰዓት ጾሞ፣ በጉና ተራራ ብርድ ሌሊት ተነሥቶ መቆም ለጎልማሳም ይከብዳል። ሥጋውን የሚያቀብል እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ጊዜው ደርሷል፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። የንስሐ ልጆቻቸውን ግን አያስተዉአቸው። መምከር፣ መባረክ፣ ጸሎተ ፍትሐት ላይ መገኘት ይችላሉ። ከሁሉ በፊት ሰበካ ጉባኤውን ያነጋግሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉ አባት ከመቅደስ ስለወጡ ድርጓቸው እንዳይቋረጥ።