አሮጌ ቮልስን በግቢ ውስጥ ሆት ሮድ ማድረግ

ሆት ሮድ የመቀነስ ሙያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኪሳቸው የሳሳ ወጣቶች አሮጌ ፎርድ በርካሽ ይገዙና ፓራፋንጎውን፣ ኮፈኑን፣ ያገኙትን ሸክም ሁሉ ፈትተው ይጥሉ ነበር። ከዚያ ሞተሩን አጎልብተው ሙሮክ በተባለው የደረቀ ሐይቅ ላይ ይሽቀዳደማሉ። የዚያ ዓለም ጌጥ እስከ ዛሬ እ.ኤ.አ. የ1932ቱ ፎርድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን በየግቢው ሸራ ለብሳ የቆመችው ቮልስ ናት፤ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የወጡባት ያችው ቮልስ። ካሊፎርኒያዎቹም ቢሆኑ ቆይተው ወደ እሷ ዞረዋል። ባምፐሯን አውልቀው፣ አፍንጫዋን ዝቅ አድርገው፣ ከኋላ ጉልበት ጨምረው «ካል ሉክ» የሚሉትን መልክ አወጡላት። እኛም እንደነሱ እንፈታለን፤ ጥያቄው የትኛው ሸክም እንደሆነና የትኛው እንዳልሆነ መለየቱ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት የሞዴል ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው ከወረቀት ይጀምራል። የኋላውን ወንበር አንሥተው፣ በወለሉ መሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ያንብቡ። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ነው። ሁለቱም ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ካልገጠሙ መኪናዋን አይግዙ። ሞተር መለወጥዎ ስለማይቀር የሚገዙትንም ሞተር ሰነድ ይያዙ፤ ለውጡ ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ዓመታዊው ምርመራ ላይ ጣጣ ያመጣል።

ወንበሩን እንዳነሡ ባትሪውን ያውጡ። ቮልስ ባትሪዋን የምትይዘው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ስለሆነ፣ አሲዱ መጀመሪያ የሚበላው ያንን ወለል ነው። በካቻቢቴ ዙሪያውን ወጋ ወጋ ያድርጉ፤ ከሰመጠ ላሜራው አልቋል። ማግኔትም ያስጠጉ፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ የባትላሜራ ሥራ ነውና ሲሠራ አጠገቡ ይቁሙ። እኔ አልቆምኩም ነበር። ባለሙያው ቀዳዳውን በስቱኮ ሸፍኖ ሰጠኝና ክረምቱ ሳያጋምስ ውሃ እግሬ ሥር ገባ። ባትሪውን ሲመልሱ መክደኛውን አይርሱ፤ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ ከባትሪው ራስ ጋር ተገናኝቶ ወንበሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ከዚያ ፍሬን። ሞተሩ ገና ደካማ እያለ ፍሬኑን የማይሠራ ሰው፣ ሞተሩ ከጎለበተ በኋላ ለመሥራት ትዕግሥት አይኖረውም። ከ1967 ሞዴል በፊት የነበሩት ቮልሶች የፍሬን ዘይታቸው መስመር አንድ ብቻ ነው፤ አንዲት ጎማ ቱቦ ከፈነዳች አራቱም እግር ያለ ፍሬን ይቀራል። ከእንጦጦ ሲወርዱ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚሆን ያስቡት። ባለ ሁለት መስመሩ ዋና ፓምፕ ተጨማሪ ቱቦ ተዘርግቶለት በአሮጌዋ ላይ ይገጥማል፤ በዚህ ላይ አይሰስቱ። ጎማ ቱቦዎቹንም ከውጭ ደህና ቢመስሉም ይለውጡ፤ ከውስጥ አብጠው ዘይቱን ያንቃሉ።

የኋላውን ታምቡር ለማውጣት 36 ቁጥር ዳዶ ይፈታል፤ የሚፈታውም የሚጠብቀውም መኪናዋ በአራት እግሯ ቆማ ነው። ማጥበቂያው ወደ 30 ኪሎግራም ሜትር ይጠጋል። መለኪያ ቁልፍ ከሌለዎት፣ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክተው ከዳዶው አንድ ሜትር ርቀት ላይ 30 ኪሎ ክብደት ቢያሳርፉ ያው ነው። የመቆለፊያው ሽቦ ቀዳዳ አልገጥም ካለ ትንሽ ጨምረው ያጥብቁ እንጂ ወደኋላ አይመልሱ።

አሁን ሞተሩ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ያላቁ፣ የቤንዚን ቱቦውን ይድፈኑ፣ የነዳጅ መስጫውን ሽቦ፣ የሙቀት መስጫዎቹን ሽቦዎች፣ የዲናሞውንና የቦቢናውን ገመድ፣ የኋላውን ላሜራ ይፍቱ። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች፣ ሁሉም 17 ቁጥር። ከላይኞቹ አንዱ ከማራገቢያው ቤት ጀርባ ስለተደበቀ አንድ ሰው ከላይ፣ አንድ ሰው ከሥር ያስፈልጋል። ክሪኩን ሞተሩ ሥር አስጠግተው ቀጥ ብሎ ወደኋላ እስኪወጣ ይሳቡ፤ የካምቢዮው ዘንግ የሞተሩን ክብደት ፈጽሞ አይሸከም። መኪናዋ የምታርፈው በብረት መቆሚያ ወይም በወፍራም ጣውላ ቁልል ላይ ይሁን። ብሎኬት አያስቡ፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል።

የትኛውን ሞተር ይምረጡ? 1192 ሲሲው 34 የፈረስ ጉልበት፣ 1285ቱ 40፣ 1493ቱ 44፣ 1584ቱ 50 አለው። ይህ ግን የባሕር ጠረፍ ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከአምስት አንድ እጁን ያህል ይሳሳል፤ 50ው ጉልበት እዚህ ከ40 አይበልጥም። ስለዚህ ትንሹን ሞተር ከማስጨነቅ 1584ቱን ሙሉ ሞተር ፈልጎ መግጠም ይሻላል። 1493 ካለዎት ባለ 85.5 ሚሊሜትር ፒስተንና ሲሊንደር ያለ ቶርኖ ይገባለታል። ያለ ቶርኖ ይገባል የሚባለውን ባለ 88 ግን ይለፉት፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ሙቀት አይችልም።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ሲያዩ የቀለሙ ማማር አያታልልዎት። የቺንጋውን ፑሊ በሁለት እጅ ይዘው ወደ ሞተሩ ይግፉት፣ መልሰው ይሳቡት። የኮሎው ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን ስላለበት በእጅ ብዙም አይታወቅም፤ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ቤቱ ሳይበላ አልቀረም። ሌላ ወጥመድም አለ። የ6 ቮልት መኪና ቮላኖ 109 ጥርስ፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ ነው። ትልቁ ቮላኖ በአሮጌው ካምቢዮ ቤት ውስጥ ስለሚፋተግ ውስጡ መሞረድ አለበት፤ ሞተሪኖውም አብሮ ይታሰብበት። ይህን ሳያውቁ ሞተሩን ገጥመው ያወጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ሲገጣጠም ቫልቮቹን ሞተሩ እንደቀዘቀዘ በ0.15 ሚሊሜትር ያስተካክሉ። የማቀጣጠያው ተራ 1-4-3-2 ነው፤ አንድ ቁጥር በስተቀኝ ወደ መኪናዋ አፍንጫ ያለው፣ ሦስት ቁጥር ደግሞ በስተግራ ፊት ለፊቱ ያለው ሲሊንደር ነው። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ከወንፊት በቀር ፊልትሮ የለውምና በየ5,000 ኪሎሜትሩ ይቀይሩ።

ስለ መቀነስ ያልኩት እዚህ ላይ ይፈተናል። ባምፐር ይፈታ፣ የሚያብረቀርቅ ጌጥ ይፈታ። ሞተሩን የከበበውን ላሜራና ዙሪያውን የሚያሽገውን ጎማ ግን «ከርካሳ ነው» ብሎ የሚጥል ሰው ራዲያተሩን እንደጣለ ይቁጠረው። ቮልስ ውሃ የላትም። ማራገቢያው የገፋው አየር በላሜራው ካልተመራ፣ የሞቀውም አየር በጎማው ካልታገደ፣ ሞተሩ የራሱን ትኩሳት መልሶ ይጠጣል። እስከ 1970 በተሠሩት ላይ የዘይቱ ማቀዝቀዣ የሦስት ቁጥርን አየር ስለሚጋርድ ቀድሞ የሚቃጠለው ያ ነው፤ በኋላ የመጣው ማቀዝቀዣውን ወደ ጎን ያወጣ የማራገቢያ ቤት ከተገኘ ዋጋውን ያወጣል።

ካርቡሬተሩም ከፍታውን ማወቅ አለበት። ለሳሳ አየር ትንሽ ጂግለር ይስማማዋል። ግን በዚያው ጂግለር ወደ አዋሽ ከወረዱ አየሩ ሲወፍር ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩም በጋለ አገር ላይ ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ ትልቁን ጂግለር በመኪናዋ ኪስ ይያዙ። ካንዴላው ይመስክር፦ ቡናማ ደህና ነው፣ ጥቀርሻ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ አንሷል።

የቤንዚን ቱቦዎችን በሙሉ በአዲስ ይተኩ፤ ፊልትሮውንም ሞተሩ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከፊት ከታንከሩ ሥር ያድርጉት። የሞተሩ ቤት ማግኒዥየም ያለበት ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያብሰዋል። የዱቄት ማጥፊያ ወንበር አጠገብ ይኑር።

አፍንጫ ዝቅ ማድረጉ በልክ ይሁን። የሠፈራችን ጉብታና ኮብል ስቶን ለካሊፎርኒያ አልተሠራም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሡ የቦቢናውን ገመድ ነቅለው፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ በሞተሪኖ ያሽከርክሩ፤ ከዚያ መልሰው ይሰኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ዞር ብለው ሲመለሱ አራቱንም ታምቡር በእጅዎ መዳፍ ቀስ ብለው ይሞክሩ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ሸራው ይዟል ማለት ነው፤ መኪናዋን እንደገና በጣውላው ላይ ያውጧት።