ቪትዝ በደጋ፦ የ1,300 ሲሲ ወሰንና የደባርቅ ዳገት

ስለ ቶዮታ ቪትዝ በአገራችን ሲወሳ የሚቀድመው የቤንዚን ቁጠባዋ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን የመኪናዋን ዕድል ከቁጠባዋ ይልቅ የወሰነው የታክስ ሕግ ነው፤ የሕጉ መለኪያም በዳባትና በደባርቅ ደጋ ሲፈተን ሌላ መልክ ይይዛል።

ቪትዝ ስታርሌትን ተክታ እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን ለገበያ ቀረበች፤ በአውሮፓ ያሪስ ተባለች። ሁለተኛው ትውልድ በ2005፣ ሦስተኛው በ2010 መጨረሻ ተከተለ። በ2020 ጃፓንም ያሪስ የሚለውን ስም በመቀበሏ ቪትዝ የሚለው መጠሪያ አበቃ።

የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 እስከ 1,300 ሲሲ ባለው የቤት መኪና ላይ 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ ባለው ላይ 60 በመቶ ጥሎ ነበር። የመጀመሪያው ትውልድ መካከለኛ ሞተር 1,298 ሲሲ በመሆኑ ወሰኑን በ2 ሲሲ ብቻ አመለጠ። በሦስተኛው ትውልድ ግን አቻው ሞተር 1,329 ሲሲ ሆነ። ሁለቱም በተለምዶ «1.3» ይባላሉ፤ የታክሱ መጣኔ ግን እጥፍ ነው። ስለዚህ አስመጪው ወይ ወደ አሮጌው ትውልድ ወይ ወደ 1,000 ሲሲው ማዘንበሉ የሚያስገርም አይደለም።

ሲሲ የሚለካው የሲሊንደርን ይዘት እንጂ ውስጡ የሚገባውን አየር አይደለም። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የ997 ሲሲው ቪትዝ 70 የፈረስ ጉልበት በደባርቅ 52 ገደማ ይሆናል ማለት ነው፤ አራት ሰውና ጓዝ ጭኖ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ሽቅብ ለሚወጣ አሽከርካሪ ልዩነቱ ግልጽ ነው። በካርቡሬተር የሚሠሩት የቀድሞ መኪኖች ከዚህም በላይ ቤንዚን ይበዛባቸውና ይጨሱ ነበር። የቪትዝ ኮምፒውተር ቤንዚኑን ከአየሩ ጋር ያመጣጥናል፤ የጎደለውን አየር ግን አይመልስም። እንግዲህ ለቆላውም ለደጋውም አንድ የሆነው ወሰን ለደገኛው የሸጠለት ያነሰ መኪና ነው።

አዋጅ ቁጥር 1186/2012 የመኪናን ዕድሜ ከመለኪያው ውስጥ አስገብቶ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን እጅግ አናረው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታ አያደክመውም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ባትሪውን በከፊል ይሞላል። ሆኖም ከጎንደር ደባርቅ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የደጋው ሌሊት ብርድም የባትሪውን አቅም ይቀንሳል።