የካሜራ ቦርሳ አመራረጥ



ስለ ካሜራ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ማኖሪያው ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። እኔም ይህን ትምህርት ያገኘሁት ከጥፋቴ ነው።

አጎቴ በየሠርጉ ፎቶግራፍ እያነሡ ቤተ ሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው። በግንቦት ወር ካሜራቸውን ለምኜ ተዋስሁና ከደብተር፥ ከቁልፍና ከውሃ ጠርሙስ ጋር በትምህርት ቤት ቦርሳዬ ከትቼ፥ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቼ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። ዳገቱን ሳጋምስ ድንገተኛ ዝናብ ወረደ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደርሼ ቦርሳውን ብከፍት ሌንስ የሚባለው የካሜራው ዐይን በቁልፉ ተጭሯል፤ ውሃም ገብቶበታል። አጎቴ አልተቆጡኝም። ነገር ግን ለዚያ ሳምንት የተቀበሉትን ሠርግ ለሌላ ሰው ሰጡ። የካሜራ መበላሸት የእንጀራ መጓደል መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

እንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባት ደብር ስለ ሆነች ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፥ ብርድና ዝናብ የማያጣው ነው። ስለዚህ ቦርሳ መመረጥ ያለበት በመልኩ ሳይሆን ሊከላከለው ከሚገባው ጉዳት አንጻር ነው።

1ኛ፤ ልኩ። አባቶቻችን የብራና መጽሐፍን የሚያኖሩበት ማኅደር ጥሩ አስተማሪ ነው። ማኅደር በመጽሐፉ ልክ ከቆዳ ይሰፋል፤ መጽሐፉ በውስጡ አይንገላታም፤ ማንገቻም ስላለው ይሸከሙታል፥ ከግድግዳም ይሰቅሉታል። የካሜራም ቦርሳ እንደዚሁ ነው። ካሜራውና ሌንሱ በስፖንጅ በተለበጠ ክፍል ለየብቻ ይቀመጡ፤ ቁልፍና ሳንቲም ከቶ አይጠጓቸው።

2ኛ፤ ዝናቡ። ውሃ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በዚፕና በስፌት በኩል ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ዚፑን የሚሸፍን ክዳን እንዳለው ተመልከቱ። ከገዛችሁም በኋላ ካሜራውን ሳትከቱ ደረቅ ወረቀት ብቻ ጨምራችሁ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱበት። ወረቀቱ ከራሰ የዝናብ ልብስ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

3ኛ፤ እርጥበቱ። ከብርድ የመጣ ካሜራ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ወዲያው ቢከፈት፥ ቀዝቃዛ ጠርሙስ እንደሚያልበው ሁሉ ያልበዋል። ስለዚህ ቦርሳው የቤቱን ሙቀት እስኪለምድ ተዘግቶ ይቆይ። በቆዳ ቦርሳ ውስጥ ሌንስን ለብዙ ጊዜ ማስቀመጥ ግን ደግ አይደለም፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛልና ሌንሱ ሊሻግት ይችላል። እዚህ ላይ ከማኅደሩ ቅርጹን እንጂ ቆዳውን አንወስድም። በአዲስ ጫማ ሣጥን ውስጥ የሚገኘውን፥ ሲሊካ ጄል የሚባለውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት በቦርሳው ማኖር ይጠቅማል።

4ኛ፤ ክብደቱ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች የተመለከተ፥ ሸክም ከጀርባ ጋር ካልተጣበቀ ሰውን እንደሚጥል ያውቃል። ለዳገት በሁለት ትከሻ የሚታዘል ቦርሳ ይሻላል። በአንድ ትከሻ የሚንጠለጠለው ለቅርብ መንገድና ቶሎ አውጥቶ ለማንሣት ይመቻል።

«ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል ጓደኛ ይኖር ይሆናል። እኔም አልነበረኝም። ከመርካቶ ስፖንጅና ሸራ ገዝቼ፥ በካሜራው ልክ በእጄ ሰፋሁ። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ ነገር ግን በጆግ ውሃ ሲፈተን ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ወጣ። አጎቴም የተጠገነውን ካሜራቸውን ከተቱበትና ሁለት ጊዜ ነቅንቀው አዳመጡት፤ ምንም አልተንኳኳም። በተከታዩ እሑድ ሠርግ ሲሄዱ ያንኑ ቦርሳ አዝለው ወጡ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ የሰው ዕቃ ስትዋሱ መጀመሪያ ማኖሪያውን አስቡ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።